ለአደይ ጉልበት የተለካ አልጋ

ናይሮቢ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ አስመላሽ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያሳደገችኝ አክስቴ፣ አደይ ፀሐይቱስ? ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኔ በገብርኤል ጥበቃ ደህና ነኝ፤ የናፈቀኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው። እሁድ በስልክ ነገሩን ሳነሳልዎ «ቁም ነገር በወረቀት ይምጣ፤ የስልክ ወሬ መዝገብ ቤት አይገባም» ስላሉኝ ይኸው እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን የምታደርስልዎ ሀምዲያ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ጨርቅ ልትገዛ እዚህ የምትመላለስ ነጋዴ ናት፣ እምነት የሚጣልባት ሰው። መልሱንም ለእሷ ይስጧት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ለመምጣት ቆርጫለሁ። በአውሮፕላን ሳይሆን በራሴ መኪና፣ በሞያሌ በኩል። አደይን ጭኜ ቁልቢ አደርሳታለሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ናዝሬት መንገድ ላይ ተገልብጬ ሆስፒታል ስተኛ «ገብርኤል፣ አንተ ብቻ ልጁን አትርፍልኝ፤ ራሴ ይዤው መጥቼ ጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች። ስለቱ እስከ ዛሬ ያልደረሰው በእኔ ምክንያት ነው። ጥላውን ገዝታ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠችው አሥር ዓመት ሆነው፤ እኔ ደግሞ በየዓመቱ «ለመጪው» እላታለሁ። ዘንድሮ ግን «ለመጪው» የለም።

የቸገረኝ ማደሪያው ነው። ለንግሥ ቁልቢ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። አደይ በጉልበቷ ዘመን ላስቲክ ወጥራ መሬት ላይ ታድር ነበር፤ አሁን በሰባ አራት ዓመቷ መሬት ተኝታ የምትነሳ አይደለችም። የምሠራበት ጋራዥ ለጎብኚዎች መኪና የመንገድ ማደሪያ ይገጥማል፤ ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድንኳን ነው። ሲታጠፍ ሣጥን ይመስላል፤ ሲደርሱ ይዘረጋል፤ ፍራሹም እዚያው ውስጡ ነው፤ የሚወጣው በመሰላል ነው። ሁለተኛው ተጎታች ነው። ከመኪናው ኋላ በጋንቾ የሚያያዝ፣ ባለ ሁለት ጎማ፣ በርና አልጋ ያለው ትንሽ ቤት በሉት። ብየዳውን ራሴ እሠራዋለሁ። ድንኳኑ ቀላል ስለሆነ መኪናውን አያደክምም። ተጎታቹ ይመቻል ግን ይከብዳል፤ ከአሰቦት በኋላ ያለው ዳገትና ጥምዝምዝ ያሳስበኛል።

እርስዎ ምን ይላሉ? አደይንም ጠይቀው የራሷን ቃል ሳያርሙ ይጻፉልኝ። እርስዎ የሰው ንግግር ማረም ይወዳሉ።

ልጅዎ ካሳይ


ቁጥር፦ አስ/7/17
ቂርቆስ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ስለ ጣሪያ ድንኳንና ስለ ተጎታች

ለልጃችን ለካሳይ፣

ሕፃኑን ቂርቆስን ከእናቱ ጋር ከሚፈላው ጋን ያወጣ አምላክ አንተንም ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። ደብዳቤህ ሐምሌ 30 ቀን ደርሶኝ ተመዝግቧል። መልሱ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ ከአክስትህ ጋር ስከራከር ነው።

አስቀድሜ ስለ ኑሯችን ልንገርህ። የካዛንቺሱ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ክፍል ተኩል ተከራይተናል። ክፍሉ የእኛ ነው፤ ተኩሉ የእድሩ ነው። የእድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝና፣ ዕቃ ቤቱ ሲፈርስ ድንኳኑን፣ ምሰሶዎቹንና አግዳሚ ወንበሮቹን እኔ ዘንድ አምጥተው ከመሩት። አባላቱ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ደቡብ ተበትነዋል፤ ድንኳኑ ግን ከራስጌዬ አለ። አክስትህ «ሚስት አላገባም ብለህ ብለህ ድንኳን አገባህ» እያለች ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት መዝገብ ቤት እንጂ ጋራዥ አይደለም። ስለዚህ የሚያውቅ ጠየቅሁ። መርጋ የሚባል ጎረቤት አለን፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ። «ሂርና ላይ ፊት ለፊት አውቶቡስ ቢመጣበት ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል? ካልቻለ ይተወው። ለንግሥ ደግሞ ቁልቢ መኪና ማዞሪያ የለም» አለኝ። ያንተ መኪና መሪው በቀኝ መሆኑን ስነግረው ራሱን ያዘ። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለጣሪያው ድንኳን ነው።

የአክስትህ ቃል ግን ይህ ነው፤ ሳላርም ጽፌዋለሁ፦

«ለካሳይ ንገረው። ድንኳን ለሙትና ለሙሽራ ነው፤ እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጦጣ መሰላል ልውጣለት? ውሃ ሽንቴ ቢመጣ በምን ልወርድ ነው፣ በፓራሹት? ተጎታቹን ይሥራ። አልጋውን ዝቅ ያድርገው፤ ስቀመጥ እግሬ መሬት ይንካ። መርጋን ደግሞ ሹፌርነቱን እንጂ ጉልበቴን ማን ጠየቀው? አሥር ዓመት ‹ለመጪው› እየተባልኩ ነው፤ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እኔም ተጎታቹ ውስጥ ካልተቀመጥኩ አላምንም። ከስቷል ይላሉ፤ ይብላ።»

እንግዲህ ድምፁ አንድ ለአንድ ነው። ነገር ግን ስለቱ የእሷ ነው፤ ጉልበቱም የእሷ ነው።

አጎትህ አስመላሽ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ በሳቅ ስንፈራፈር የጋራዡ ሰዎች ተሰብስበው አዩኝ። ፓራሹቷን ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ አሁን ሁሉም አደይን ያውቋታል።

በቃ፣ ተጎታች ሆነ። ብረቱን ገዝቼ ሻሲውን ትናንት በየድኩት። ከአሮጌ ፒካፕ ባሌስትራ ስላገኘሁ አይንጣትም። የጣሪያውን ድንኳንም አልተውኩትም፤ ያገለገለ ስለተገኘ ለራሴ ገጥሜዋለሁ። እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። ለመርጋ ደግሞ ይንገሩልኝ፤ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መመለስ እየተለማመድኩ ነው። መጀመሪያ ቀን አጥር ገጭቻለሁ፤ ይህን አይንገሩት።

እሁድ ሳናግራት ድምፅዋ ደከም ያለ መሰለኝ። «ብርድ ነው» አለችኝ። እውነት ብርድ ነው ወይ?

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።

ልጅዎ ካሳይ


ቁጥር፦ አስ/1/18
ቂርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
(ያልተላከ፤ በፋይል የተቀመጠ)

ልጄ ካሳይ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። እህቴ ፀሐይቱ፣ አደይህ፣ መስከረም 12 ቀን ጠዋት አርፋለች።

አልታመመችም። ለኪዳን ልትሄድ በሩ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ «ጫማዬን አቀብለኝ» አለችኝ። አንዱን ጫማ አቀበልኳት። ሌላውን አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ስፈልግ «ምን ታንጎዳጉዳለህ» አለችኝ። ይዤ ቀና ስል ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ያቺን ጫማ እስከ ዛሬ የማስቀምጥበትን አላውቅም።

ቀበርናት። ከመቶ አርባው የእድር አባል የደረሱት አሥራ አንድ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ግማሹ ሦስት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ነው፣ ግማሹ አዲሱ ስልኩ አይታወቅም። ድንኳኑም አልተተከለም። ድንኳኑ አሥራ ሁለት ሜትር ነው፣ የአከራያችን ግቢ አራት ሜትር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የተከልኩትን ድንኳን ለገዛ እህቴ መትከል አልቻልኩም። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አፍሬያለሁ፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እናትህ ያረፈች ጊዜ መኪና እየነዳህ ሳለ አንድ ቸኳይ ዘመድ በስልክ ነገረህ፤ ወዲያው ተገለበጥክ። እኔና ፀሐይቱ ሆስፒታል በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። ያን ጊዜ ነው «እኔም ብሞት ለዚህ ልጅ በስልክ የሚነግረውን አልምርም። ቤት ይግባ፣ ሰው ይሰብሰብ፣ ሲነጋ ይነገረው» ያለችኝ። በየዓመቱ ደጋግማ አስምላኛለች። አንተ ደግሞ አሁን ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ልትነዳ ነው፣ ያውም ብቻህን። በሰው አገር ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም፤ በወረቀትማ ጭራሽ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አይላክም። እውነቱ አንድ ቦታ ይመዝገብ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አስመላሽ


ቁጥር፦ አስ/2/18
ቂርቆስ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የተወሰነውን ስለ መከለስ

ለልጃችን ለካሳይ፣

አዲሱ ዓመት የሰላምና የጤና ይሁንልህ። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አክስትህ እንጦጦ ጸበል ገብታለች። እዚያ ስልክ አይያዝም፤ ብትደውል አታገኛትም፣ አትጨነቅ። እኔንም ጆሮዬን ያመኛልና በስልክ ባትደክም ይሻላል። ወረቀት ይበቃናል።

ስለ ማደሪያው ደግሜ አሰብኩበት። ተጎታቹ ቢቀር ይሻላል። ዳገቱ አለ፣ ጠረፍ ላይ ወረቀቱ ይበዛል፣ መርጋም አጥብቆ ይቃወማል። የጣሪያው ድንኳን ይበቃል። ቀለል ብለህ ና። ለሁለት ሰው አይጠብም፤ እኔና አንተ መሰላል አያቅተንም። ማለቴ፣ አክስትህ አንድ ቦታ አልጋ አይጠፋላትም።

በርታ። ምግብህን ብላ።

አጎትህ አስመላሽ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአክብሮት ነው የምጽፈው፤ ነገር ግን ተናድጃለሁ፣ ይህንንም አልደብቅዎትም።

የስለቱ ባለቤት ተጎታች ብላለች። ሻሲው አልቋል፣ ላሜራው ተመትቷል፣ በሩ ገብቷል፣ መስኮቱ ላይ የምትወደውን ዓይነት ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅያለሁ። አሁን «ቀለል ብለህ ና» ይሉኛል። አደይ ራሷ ሐሳቧን ቀየረች ወይ? ከቀየረች ለምን ቃሏን አልጻፉልኝም? «አንድ ቦታ አልጋ አይጠፋላትም» ማለትስ ምንድነው? ቁልቢ ለንግሥ አልጋ ተገኝቶ ያውቃል? አደይን የምወስደው አልጋ እንድትለምን አይደለም።

ምናልባት እዳ ይሆንበታል ብላችሁ አዝናችሁልኝ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ እባካችሁ ተዉት። ለእሷ አንድ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልጋዋን ለእኔ ትታ መሬት የተኛች ሴት ናት፤ አንድ አልጋ በእጄ ልሥራላት።

የቀረኝ የአልጋው ከፍታ ብቻ ነው። ከጸበል ስትመለስ ጠፍጣፋ ጫማዋን አድርጋ ትቀመጥና፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ከወለሉ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ይለኩልኝ። አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ እንዳይሳሳቱ። እግሬ መሬት ይንካ ብላለች፤ ይነካል።

ሦስት እሁድ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም።

ልጅዎ ካሳይ


ቁጥር፦ አስ/3/18
ቂርቆስ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የተጠየቀውን ልክ ስለ መላክ

ለልጃችን ለካሳይ፣

የመላእክት አለቃ ይጠብቅህ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሰሞኑን ትንሽ ድግስ ቢጤ ነበረብን።

የተጠየቀው ልክ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼ አረጋግጫለሁ። ተጎታቹን ከጨረስከው ይሁን፣ ይዘኸው ና፤ አልከራከርህም።

አክስትህም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ የመረጥከው ሁሉ መልካም ነው» ብላለች።

አጎትህ አስመላሽ

(በቅጂው ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ፦ የለካሁት በርጩማዋን ነው። ቄራ ያለው አናጢ በጉልበቷ ልክ የቆረጠላት ስለሆነ ልኩ እውነተኛ ነው። ቃሉ ግን የእኔ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ሰው ያልተናገረውን ተናገረ ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አርባዋን ያወጣሁት ከትናንት በስቲያ እሑድ ነው፤ የመጣው ሰው ክፍሏን አልሞላትም።)


ናይሮቢ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ አስመላሽ፣

እግዚአብሔር ያበርታዎ። ልኩ ደርሶኛል። መልስ ሳልጽፍ ስለቆየሁ አይቀየሙኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

አልጋው አልቋል፤ አርባ አንድ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን ከዚህ እነሳለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የእድሩ ድንኳን ረጅሙ ምሰሶ ስንት ሜትር ነው? ሸራው ሲታጠፍስ ስንት ሰው ይሸከመዋል? ከሀምዲያ ጋር ቶሎ ይላኩልኝ።

እርስዎም ምግብ ይብሉ።

ልጅዎ ካሳይ


ቁጥር፦ አስ/4/18
ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ስለ ምሰሶና ስለ ጉዞህ

ለልጃችን ለካሳይ፣

መንገዱን የሚያቀና አምላክ ፊትህ ይቅደም። ረጅሙ ምሰሶ ሦስት ሜትር ነው። ሸራው ለአራት ጎልማሳ ሸክም ነው፣ ለእኔ ዕድሜ ስድስት ያስፈልጋል። ለምን እንደጠየቅህ አልገባኝም። ምሰሶ ለመግዛት ከሆነ አትግዛ፤ የእኛ ይበቃል።

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብብ። በቀን ብቻ ንዳ። ሲደክምህ ቁም። መንገድ ላይ ሳለህ ስልክ አታንሳ፤ የማንንም፣ ዘመድም ቢሆን። አጥፋው። ይህን ለእኔ ስትል አድርግልኝ፤ በቀረው ነገር ሁሉ እሽ ባትለኝ ግድ የለኝም።

አዲስ አበባ ስትደርስ በቀጥታ ወደ ቤት አትምጣ። በእኛ መንገድ ተጎታች አይገባም። ኡራኤል አካባቢ የመርጋ ልጅ ቤት ሰፊ ግቢ አለው፤ እዚያ ግባ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ። ያቺን ቀን እዚያው እንደር፤ ጠዋት እንነጋገራለን። የድሮ የካዛንቺስ ሰዎችም ሊያዩህ ይፈልጋሉ። ሰሞኑን ስልካቸውን አንድ በአንድ እያፈላለግሁ ነው፤ ሠላሳ አራት ሰው አግኝቻለሁ።

ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅርታ።

አጎትህ አስመላሽ


ሞያሌ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሀምዲያ ከዚህ በአውቶቡስ ቀድማኝ ትሄዳለች፤ እኔ ተጎታች ስላለብኝ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ይህ ደብዳቤ ከእኔ በፊት ይደርስዎታል። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

አውቃለሁ። ያወቅሁት ልኩ በደረሰኝ ቀን ነው።

አርባ አንዱ ትክክል ነበር፤ ያጋለጠዎ ምስጋናው ነው። አደይ እግሯ በሜትር ሲለካ ዝም የምትል ሴት ናት? «ሬሳ ሣጥን ልታሠሩልኝ ነው?» ሳትል፣ እርስዎን በሜትሩ ሳትመታ፣ «በጣም አመሰግናለሁ» ትላለች? በሕይወቷ አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም፤ ስታመሰግን የምትለው «ከስተሃል፣ ብላ» ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ብላ» የሚል የለበትም። ወደ ኋላ ተመልሼ የመስከረሙን ደብዳቤ አነበብኩ። እዚያ «ምግብህን ብላ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የእሷን ሥራ እርስዎ ወርሰዋል ማለት ነው።

ሀምዲያን ጠየቅኳት። ሻርፗን አስተካከለችና «እኔ የተላክሁት ወረቀት ላደርስ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ሁለት ሳምንት ብየዳውን አልነካሁትም። ጋራዡ ውስጥ ያልጨረስኩት ተጎታች ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የጋራዡ ሰዎች ምን ሆንክ ሲሉኝ «ፓራሹቷ» ብቻ አልኳቸው፤ ገብቷቸው አብረውኝ ቁጭ አሉ። ስለዚህ ሰው በሌለበት ነው ያወቀው ብለው አይዘኑ። እርስዎ ግን ያለ ሰው፣ ያለ ድንኳን፣ በየወሩ ደህና ነን እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል። አንድ ምሰሶ እንኳ እንዳልተከሉ ሀምዲያ አይታለች፤ ሸራው እንደተጠቀለለ ከራስጌዎ እንደነበረ ሳትጠየቅ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው። ያኔ ነው ምሰሶውን የጠየቅኩዎ።

ከዚያ ተነስቼ አልጋውን ጨረስኩት። ሌላ ልክ አላወጣሁለትም። ብቻዬን የምሄድ ከሆነ የጣሪያው ድንኳን ይበቃኝ ነበር፤ እርስዎ ልክ ነበሩ፣ መርጋም ልክ ነበር። ነገር ግን ጣሪያ ላይ የእድር ድንኳን አይጫንም። ተጎታቹ ጎን ላይ ሦስት ሜትር ብረት የሚይዝ ማሰሪያ በይጄለታለሁ፤ ሸራውም ከአልጋው ሥር ይገባል። ለቅሶው ኡራኤል ግቢ ውስጥ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ይሁን። ግቢው ሰፊ ነው ብለዋል። ከዚያ ነቅለን ቁልቢ እንወስደዋለን፤ ላስቲክ ወጥረው መሬት የሚያድሩ እናቶች ይደሩበት። ስለቱን እኔ አገባለሁ። ጥላውን ከቁም ሣጥኑ አውጥተው ይጠብቁኝ። መንገድ ላይ አልጋው የእርስዎ ነው፤ የወንድምና የእህት ጉልበት ብዙ አይለያይም።

ስልኬን አጥፍቻለሁ። በቀን ብቻ ነው የምነዳው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ሠላሳ አራት ሰው ፈልገው አግኝተዋል፤ ልፋትዎ ባዶ አይቅር። አደይም ሲነጋ ይነገረው ብላ እንዳስማለችዎ አውቃለሁ፤ ሆስፒታል ተኝቼ ሰምቻታለሁ፣ የተኛሁ መስሏት ነው። ስለዚህ እኔ ምንም አላወቅኩም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እገባለሁ፣ እስምዎታለሁ፣ አደይ የት ናት እልዎታለሁ። «ጸበል ናት» ይበሉኝ፤ እሽ እላለሁ። እራት ያቅርቡልኝ፣ ከስተሃል ይበሉኝ።

ሲነጋ ሰዎቹን ይዘው መጥተው የተጎታቹን በር ያንኳኩ። አልተኛም። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ መሬት ነክቶ እጠብቃችኋለሁ።

ልጅዎ ካሳይ